ሰባት ሴቶች፣ አንድ ጠባብ መዋኛ፣ መጨረሻ የምመጣውም እኔ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ሰባት ሴቶች ሆነን ትራያትሎን ልንሞክር ተነስተናል። 750 ሜትር መዋኘት፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት መንዳት፣ 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ፤ ሦስቱም በተከታታይ፣ ሰዓቱ ሳይቆም። ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ዓይነት ነው። አዘጋጅ የለንም፣ ሜዳሊያ የለም፣ ራሳችን ለራሳችን ነው። የምንዋኘው አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ብስክሌቱን ከከተማ ወጣ ብለን እንነዳለን፣ ሩጫው ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ነው። ስምንት ሳምንት ቀርቶናል።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር ትንፋሼ ይጠፋል። መዋኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሜትር ነው። እሷን ጨርሼ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አለከልካለሁ። 750 ሜትር ማለት እንግዲህ ይህንኑ 50 ጊዜ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። በሩጫውም በብስክሌቱም መጨረሻ የምመጣው እኔ ነኝ። ስድስቱ ቆመው ይጠብቁኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ፈገግ ብለው ነው የሚጠብቁኝ። ልውጣላቸው ወይስ ልቀጥል?

ይህን ከጻፍኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። መልሱ ከአርባ አልፏል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥቱ እንደማይኖራችሁ አውቃለሁ፣ እኔም የለኝም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየመልሱ ቁጥር፣ በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 ከሐረር ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቆ ጠይቆ በመጨረሻ እንዳልወጣ መከረኝ። ምክንያት አልሰጠም። ቁጥር 2 በቁጥር 1 መስማማቱን ገለጸ። በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እስካሁን ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር።

ቁጥር 3 ዋና ታስተምራለች። እሷ ምክር ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ፊቴ ውሃ ውስጥ እያለ አየር አስወጣለሁ ወይስ አፍኜ እይዛለሁ? እንደምይዝ ነገርኳት። ችግሩ እሱ ነው አለች። ሰው ትንፋሹን ሲይዝ የሚያስጨንቀው በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ሳይወጣ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያ ሳይወጣ ቀና ብሎ ሌላ አየር ለመሳብ መታገል ሞልቶ የሚፈስ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ነው፤ የሚገባበት ቦታ የለም። የቤት ሥራ ሰጠችኝ። መዋኘት የለም። ጥልቀት የሌለው ቦታ ቆሜ፣ ጠርዙን ይዤ፣ ፊቴን ነክሬ፣ በአፍንጫዬ እያጉመተመትኩ አረፋ ማውጣት፣ ቀና ብሎ መተንፈስ፣ እንደገና መንከር። ሃያ ጊዜ።

መዋኛው እስኪከፈት አልጠበቅኩም። ማታ ግቢ ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞልቼ ጀመርኩ። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይቆጥርልኛል። አሥራ አንድ ላይ ሳቁ አሸነፈው፤ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ ፀጉሬን እየታጠብኩ መስሏት ውሃ እንዳልጨርስ መከረችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ሃያውን ስጨርስ ልቤ ድው ድው አላለም።

ቁጥር 4 እዚያ ላይ ጨመረች። በትራያትሎን የዋናው ስልት በሕግ አልተወሰነም። በደረት ቢሉ፣ እንደ እንቁራሪት እግር እያጠፉ ቢሄዱ ይቻላል። ደክሞኝ ጠርዝ ይዤ ባርፍም ውድድሩ አይሰረዝብኝም፤ ጠርዙን እየሳብኩ ወደፊት አለመሄዴ ነው ቁም ነገሩ። ይህን ሳነብ ግማሽ ሸክሜ ወረደ። ለካ እኔ በቴሌቪዥን የማየውን ዓይነት ካልዋኘሁ የማይቆጠርልኝ መስሎኝ ነው።

ቁጥር 5 መጥቶ ነገሩን አበላሸው። ሐይቅ ወይም ባሕር ከሌለ ትራያትሎን አይባልም ብሎ ደመደመ። የሆቴል መዋኛ የሕፃናት ጨዋታ ነው ዓይነት ነገር። ቁጥር 6 በጨዋ ደንብ አረመው፤ ለጀማሪ የሚዘጋጁ ብዙ አጫጭር ውድድሮች በመዋኛ ገንዳ እንደሚካሄዱ፣ 5 የሚያስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ የገባው የ1500 ሜትር ዋና፣ የ40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ እንደሆነ አስረዳው። ቁጥር 7 ደግሞ ለምን ዋናው መጀመሪያ እንደሚመጣ ጠየቀች። ያው ቁጥር 6 መለሰላት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ትራያትሎን በሚል ስም በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ላይ የቀደመው ሩጫው ነበር። በኋላ ዋናው ፊት የመጣበት ትልቁ ምክንያት ደህንነት ነው። ደክሞ የሚሮጥ ሰው ቢበዛ ይቀመጣል። ደክሞ የሚዋኝ ይሰምጣል።

ከዚያ የውይይቱ ክር ከእጄ ወጣ። ቁጥር 8 በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ናቸው፤ ሐይቅ ከተፈለገ ሐሮማያ ቅርብ ነው ብለው በልጅነታቸው ዳር ዳሩን ይንቦጫረቁበት እንደነበር ተረኩ። ቁጥር 9 ሐይቁ ከደረቀ ዘመን እንደሌለው ነገራቸው። ቁጥር 10 ደግሞ ዓመታት ደርቆ ቆይቶ ውሃው መመለሱን ነገረው። ቁጥር 11 ጭራሽ ወዴት እንደሄደ ልንገራችሁ፤ ሐይቁን ማን አደረቀው የሚለው ላይ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተሳበው፣ ለሐረር ከተማ የተሳበው፣ ከተራራው ታጥቦ የወረደው ደለል፤ እነዚህን እየተቀባበሉ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። የእኔን አረፋ ግን ያስታወሰ የለም።

ቁጥር 12 በዚያው ሐይቁን ትቶ የሐረርን አየር ማሞገስ ያዘ። ከ1800 ሜትር በላይ ነን፣ ነፋሻ ነን፣ እናንተ 1200 አካባቢ ቁጭ ብላችሁ ከምትቀቀሉ ወደ እኛ ውጡና ተለማመዱ ነው ነገሩ። ቁጥር 13 የድሬ ልጅ ነው፤ «አቦ» ብሎ ሲጀምር ያስታውቃል። መጀመሪያ ከድሬ ወደ እናንተ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በብስክሌት ወጥተህ አሳየን፣ ከዚያ ስለ ነፋሻ አየር እንነጋገራለን አለው። ቁጥር 12 እስካሁን አልመለሰም።

ስለ ሙቀቱ የቁም ነገር የጻፈችው ቁጥር 14 ናት፣ ነርስ ነች። ሰውነት ሙቀት ውስጥ መሥራትን ለመልመድ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ለረጅም ሰዓት ልምምድ ውሃ ብቻ መጋት አይበቃም፤ ከውሃው ጋር ትንሽ ጨው ያለበት ነገር ያስፈልጋል። ከሁሉ ያስፈራኝ የመጨረሻው ነው። በዚያ ሙቀት መሃል ድንገት ብርድ ብርድ ካለሽና ወሬሽ ከተምታታ ልምምዱ እዚያው ያበቃል፤ ጥላ፣ ውሃ በሰውነት ላይ፣ ሐኪም። እኛ ከእሷ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ነበር የምንጀምረው። አሁን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከዚራ ነን። በዚያ ሰዓት አስፋልቱ እንኳ የድሬ አይመስልም።

ቁጥር 15 ስለ ልብስ ጠየቀች። ከእኛም ሦስቱ ፀጉራቸውን ሸፍነው ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ መልሱን በጉጉት ጠበቅን። ቁጥር 16 ለዓመታት በሂጃብ የሮጠች ናት። ሰፊ የጥጥ ልብስ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይጎትታል። ከሰውነት ጋር የሚሄድ፣ እጀ ረጅም፣ ከዋና ልብስ ጨርቅ የተሠራ ይሻላል፤ ከላይ ኮፍያ። ከዚያ ያላሰብነውን ነገር ነገረችን። ሆቴሉን አነጋግሩና እንግዳ ሳይነሳ አንድ ሰዓት ለሴቶች ብቻ እንዲዘጋላችሁ ጠይቁ። ጠየቅን። አዋጥተን እንከፍላለን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከ12 እስከ 1 ሰዓት የእኛ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ጨዋ ነበር። ቁጥር 17 ሴት ልጅ ብስክሌት የምትነዳው ግቢ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ አይደለም ብሎ ጻፈ፣ ስለ «ክብር»ም አንድ ሁለት መስመር ጨመረ። ቁጥር 18 የመለሰችለትን አልደግመውም፣ ግማሹንም የመድረኩ ተቆጣጣሪ አጥፍቶታል። ቁጥር 19 አዋላጅ ናት፣ በእርጋታ ነው የጻፈችው፤ ብስክሌት ኮርቻ ስለ ልጃገረድነት የሚነግረን አንዳች ነገር እንደሌለ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ቁጥር 20 ሴት ልጁን ብስክሌት ያስተማረ አባት ነው። ቁጥር 21 ኢትዮጵያውያን ሴት ብስክሌተኞች በዓለም አቀፍ ውድድር እንደሚሳተፉ አስታወሰ። ቁጥር 17 ተመልሶ መጣ። እሱ ያሰበው ባጃጁን ነው አለ። ቁጥር 22 የሳቅ ምልክት ብቻ አስቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር ባጃጁ ላይ ተሳስቷል አልልም። እጅ ሳያሳይ ይታጠፋል፣ ሰው ካየ ባለበት ይቆማል። እኛ አሁን ጨለማው ሳለ እንሮጣለን፣ ሲነጋ ነው ብስክሌት የምንይዘው። በአንድ ረድፍ፣ ደማቅ ልብስ፣ ሄልሜት። የሚለክፉንም አሉ፤ ሰባት ሆኖ ማለፍና ለብቻ ማለፍ ግን አንድ አይደለም።

ቁጥር 23 ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጎማው የት እንደሚነፋ፣ ካላማዳሪያ እንዴት እንደሚቀየር ረጅም አድርጎ ጻፈ። የጠቀመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ኮርቻዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፔዳሉን ታች አድርሼ፣ ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ እንዳይ ነገረኝ። ትንሽ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት። የእኔ ጉልበት መሪው ሊነካ ምንም አልቀረውም። እግሬ መሬት እንዲነካልኝ ብዬ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ነበራ! አራት ጣት ከፍ አደረግኩት። የመጀመሪያው ቀን ልወድቅ ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን ግን የጉልበቴ ሕመም የት እንደገባ አላውቅም።

አሁን ዋናው ጠብ መጣ። ቁጥር 24 አሠልጣኝ ነኝ ይላል። ለጥያቄዬ ፊት ለፊት የመለሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የሚጠባበቅ ቡድን ማንንም አያሠለጥንም አለ። ፈጣኖቹ ቆመው ይቀዘቅዛሉ፤ ዘገምተኛዋ ስትደርስ ሳታርፍ ይነሳሉ፤ እሷ የምትማረው ይቅርታ መጠየቅ ነው። ወይ ትውጣ ወይ ይተዋት።

ቁጥር 25 ልብ የለህም አለችው። ቁጥር 26 ድሬ ውስጥ ብቻውን የሚበላ እንደሌለ፣ ብቻውን የሚሮጥም እንደማይኖር ጻፈች፤ አርባ ሰው ወደደላት። እኔም ወደድኩላት። ቁጥር 27 ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። አዲስ አበባ ውስጥ እንደኛው ዓይነት የሴቶች ቡድን ነበራት። በመጀመሪያው ወር እየተሳሳቁ ተጠባበቁ። በሁለተኛው ወር ፈጣኖቹ ቀጠሮ መቅረት ጀመሩ፤ አንዷ ልጅ ታመመብኝ፣ አንዷ እንግዳ መጣብኝ። በሦስተኛው ወር ቡድኑ የለም። የተጣላም የለም። 24 ክፉ ይሁን እንጂ ውሸት አልተናገረም አለች።

አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 28 ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ከጽሑፉ አይለይም። 24ንም 27ንም ጠቅሶ ሁለቱም ልክ ናቸው አለ፤ ስህተቱ በርቀት መሮጣችሁ ነው። በሰዓት ሩጡ። ሁሉም እኩል ይነሳል፣ እያንዳንዷ በራሷ አቅም 15 ደቂቃ ትሄዳለች። ሰዓቱ ሲሞላ ባለችበት ዞራ በመጣችበት ፍጥነት ትመለሳለች። ፈጣኗ ሩቅ ስለሄደች ከሩቅ ትመለሳለች፣ ዘገምተኛዋ ከቅርብ። መነሻው ላይ የሚደርሱት ግን እኩል ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም አይቀርም።

ሦስቴ አነበብኩት። እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ ሰባት የተማርን ሴቶች እንዴት አላሰብነውም?

ቅዳሜ ሞከርነው። ለገሃር ፊት ለፊት፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ ቆመን ሰዓታችንን አስተካከልን። ተነሳን። እንደተለመደው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጀርባቸው ብቻ ቀረኝ፣ በአራት ደቂቃ ጀርባቸውም ጠፋ። ብቻዬን እግሬን እየሰማሁ ሄድኩ። 15 ሲሞላ ሰዓቴ ጮኸ፣ ዞርኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መንገዱ ላይ ከፊቴ ማንም የለም፤ ሁሉም ከኋላዬ ናቸው። መጨረሻ የነበርኩት እኔ አሁን መሪ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የጫማ ድምፅ መጣ፣ ቸብ ቸብ ቸብ፣ እየቀረበ። በሕይወቴ ሰው አባሮኝ አያውቅም። ሮጥኩ እላችኋለሁ! ጣቢያው ጋ የደረስነው ሰባታችንም በአንድ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ነው። ፈጣኗ በሦስት እርምጃ ቀደመችኝና ጎንበስ ብላ ማስመለስ ቃጣት። ከዚህ በፊት ለእኔ ስትል እንደዚያ ሮጣ አታውቅም።

ቁጥር 29 ላይ አሠልጣኙ ተመልሶ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር አለ። አላለም። ቢሆንም ወደድኩለት። ቁጥር 30 ለብስክሌቱ ደግሞ ባጃጅ የማይበዛበት አጭር ዙር ፈልጉና ተሽከርከሩ፣ ዙር ላይ መቅረት የለም አለች። እሱንም ይዘናል።

ቁጥር 31 ላይ ደነገጥኩ። ከስድስቱ አንዷ ናት። ድሬ ትንሽ ናት፣ 15 ሜትር መዋኛና ስድስት ጓደኛ ያላት ሴት ደግሞ ሁለት አትገኝም። ስሜን አልጠራችም፣ ግን ተቆጥታለች። ለማያውቁሽ ሰዎች ከመንገርሽ በፊት ለእኛ ብትነግሪን ምን ነበረበት ነው ነገሩ። ቀጥላ የፈገግታውን ጉዳይ አነሳች። ትዕግሥት አልነበረም። ጎኗን እየወጋት፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ እኔ ከመታጠፊያው ብቅ እስክል ድረስ የምታገኛት ሁለት ደቂቃ የሳምንቱ ትልቁ ዕረፍቷ ነበረች። ሌሎቹም እንደዚያው። ፈጥኜ ስመጣ ይከፋቸው ነበር። አሁን ይህ የሰዓት ሩጫ መጥቶ ዕረፍቷን ቀምቷታል፣ ለ28 ምስጋና የላትም። ማክሰኞ 11 ሰዓት እንዳላረፍድ ብላ ፈረመች።

ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። ምን ብዬ?

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ነው። ቁጥር 32 ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥን ለብቻው ተለማመዱ አለ፤ ብሪክ ይሉታል። ግማሽ ሰዓት ብስክሌት፣ ሳያርፉ አሥር ደቂቃ ሩጫ፣ በሳምንት አንዴ። የመጀመሪያው ቀን እግሬ ከእንጨት የተጠረበ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ የእኔ ሆነ። ቁጥር 33 ከአንዱ ወደ አንዱ መሸጋገሪያው ላይ ሰዓቱ እንደሚቆጥር አስታወሰ፤ ፎጣ ዘርግታችሁ ዕቃውን በምትለብሱት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፣ ብስክሌቱን ሳትነኩ የሄልሜቱን ማሰሪያ ቆልፉ። በውድድር ላይ ያልቆለፈ ይቀጣል። ቁጥር 34 እግር እንዲጠነክር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሩጡ አለች። ቁጥር 35 የእኛው ሰው ነው፤ በበጋ እሺ፣ ክረምት ሲገባ ግን እንዳታስቡት አለ። እዚህ ጠብ ሳይል ዝናቡ ደጋ ላይ ጥሎ ጎርፉ ይደርሳል። የ1998ቱን የሚረሳ ድሬ ውስጥ የለም። ከሱ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ዝም አለ።

ከ36 እስከ 41 ያለው ስለ ቁርስ ነው። ከልምምድ በኋላ ፉል ይሻላል ወይስ ፈጢራ በማር፤ ከዚያ ፉል የሚያምረው ከፊራ ነው ወይስ ሳቢያን። ከትራያትሎኑ የበለጠ የተፋፋመው እዚህ ነው። ቁጥር 12፣ የሐረሩ፣ ለዚህ ብቅ ብሎ ሁለቱንም ናቀ።

ቁጥር 42 እኔ ነኝ። ትናንት 50ውን ዋኘሁ። ቁጥር 31 ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በተምር ፍሬ ቆጠረችልኝ፤ ሃምሳ ፍሬ በቀኝ፣ በዞርኩ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ። 38 ላይ ግድግዳውን ያዝኩ። አረፋ አወጣሁ፣ ተነፈስኩ፣ ሄድኩ። 32 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጨርስ የግራው ፍሬ ተቆጠረ፤ 49 ሆነ። አንዱ ውሃ ውስጥ ወድቋል እኔ እላለሁ፣ አንዱ ይቀርሻል እሷ ትላለች። ተጨቃጨቅን። ሄጄ መጣሁላት። ለእርግጠኝነቱ ሁለት ጊዜ።

ቁጥር 43 ዛሬ ጠዋት ገብቷል። የጠየቀው ቁጥር 23 የጎማ መንፊያ ይሸጣል ወይ ነው።